ካርል ኤልዝነር፦ ባልንጀሮቹ ሲተዉት ሰንጢውን ያልተወው ስዊዘርላንዳዊ

ከቦሌ ጀምሮ በዓለም ዙሪያ ባሉ የአውሮፕላን ማረፊያ ፍተሻዎች ከመንገደኛ ኪስ ወጥተው የሚቀሩ ጥቃቅን ንብረቶች ብዙ ናቸው። ሽቶው ይቀራል፣ መቀሱ ይቀራል፣ የውኃ ጠርሙሱ ይቀራል። ባለቤቱ ዞር ብሎ ሁለት ሦስት ጊዜ የሚያየው፣ ፈታሹንም ቆም ብሎ የሚለምንበት ዕቃ ግን ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ ቀይ እጀታ ያለው፣ ነጭ መስቀል የተቀረጸበት ተጣጣፊ ሰንጢ። ከአባት የተወረሰ ሊሆን ይችላል፤ ወይም አንድ ወዳጅ ከአውሮፓ ሲመለስ ያመጣው ስጦታ።

ዓለም ይህን መሣሪያ የስዊዝ ጦር ሰንጢ ይለዋል። ስሙን ያወጡለት ግን ስዊዞች አይደሉም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በአውሮፓ የነበሩ የአሜሪካ ወታደሮች ሰንጢውን ወደዱት፤ ኦፊሲርስሜሰር የሚለው የጀርመንኛ መጠሪያው ግን ለምላሳቸው አልገራ አላቸው። ስለዚህ ባገራቸው ቋንቋ በቀላሉ የስዊዝ ጦር ሰንጢ አሉት፤ ስሙም ጸንቶ ቀረ። ሰንጢውን የፈለሰፈው ሰው በዚያን ጊዜ ካረፈ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር።

ሰውየው ካርል ኤልዝነር ይባላል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የተወለደው ኦክቶበር 9 ቀን 1860 ሲሆን፣ ለቤተሰቡ አራተኛ ልጅ ነበር። አባቱ ባልታዛር ባርኔጣ ሠሪ ነበሩ። በዚያ ዘመን ልጅ የአባቱን ሙያ መያዙ የተለመደ ነበርና ካርልም በባርኔጣ መካከል አድጎ ባርኔጣ ሠሪ ቢሆን የሚደነቅ አልነበረም። እሱን የማረከው ግን ብረት ነው። ስለት ማውጣት፣ ማጠንከር፣ መሞረድና መወልወል የሚጠይቀውን የቢላዋ ሠሪነት ሙያ መረጠና ሱግ በምትባለው ከተማ አንድ ጌታ ሥር ለልምምድ ገባ።

የሙያ ልምምዱን የጨረሰ ወጣት ወዲያው የራሱን ወርክሾፕ አይከፍትም ነበር። በጀርመንኛ ተናጋሪው አውሮፓ በቆየው ልማድ መሠረት ጓዙን በጨርቅ ጠቅልሎ ከከተማ ከተማ ይዞራል። በደረሰበት ቦታ የሙያ ባልደረቦቹን ያፈላልጋል፤ አንዱ ጌታ ሥራና ማደሪያ ሲሰጠው ጥቂት ይቆያል፤ የዚያን ቤት ጥበብ ቀስሞ ደግሞ ይነሣል። በአገራችን የቆሎ ተማሪ ቅኔውን ዋሸራ፣ ድጓውን ቤተልሔም እያለ መምህር ፍለጋ እንደሚንከራተተው ማለት ነው። ልዩነቱ እነዚህኛዎቹ ይቀጽሉት የነበረው ዜማ ሳይሆን የብረት ቋንቋ መሆኑ ነው።

ኤልዝነር ፓሪስ ሠርቷል። ከዚያም በደቡብ ጀርመን ባለችው ቱትሊንገን ቆይቷል፤ ይህች ከተማ እስከ ዛሬ ድረስ በቀዶ ሕክምና መሣሪያዎቿ የምትታወቅ ናት። የሐኪም ቢላዋ የሚሠራ እጅ ስሕተት አይፈቀድለትም፤ ኋላ ላይ በእሱ ወርክሾፕ የታየው ጥንቃቄ ከዚያ ቢመነጭ አይገርምም።

ስለ ቢላዋ ሠሪዎች ኑሮ ሲነሣ በመካከለኛው ፈረንሳይ የምትገኘውን ቲየርን ሳያነሡ ማለፍ ይከብዳል፤ ኤልዝነርን በቀጥታ ባይመለከትም። የቲየር ሳዮች ውኃ በሚያዞረው ድንጋይ ላይ ሰሌዳ ዘርግተው በሆዳቸው ተኝተው ነበር ስለት የሚያወጡት። ከበታቻቸው ቀዝቃዛ ወንዝ ይፈሳል፤ ብርዱ እንዳይጎዳቸው ውሻዎቻቸው እግራቸው ላይ ይተኙላቸው ነበር። እንዲህ ባለ ቤት ጎን ለጎን ተኝተው ዕድሜያቸውን የገፉ ሰዎች ዝምድናቸው ከሥራ ጓደኝነት የጠለቀ እንደነበር መገመት ይቻላል። የሙያው ሰዎች በየአገሩ ጠባያቸው ተመሳሳይ ነው፤ አንዱ የሌላውን ሥራ እጁ ላይ ሲያገኝ መጀመሪያ ከፍቶ ይዘጋዋል፣ ድምፁን ይሰማል፣ ከዚያ በኋላ ነው ሰላምታው።

ከወንዙ ዳር

ጃንዋሪ 1 ቀን 1884 ኤልዝነር፣ ገና የ23 ዓመት ወጣት ሳለ፣ በሽቪትስ አቅራቢያ ባለችው ኢባኽ የራሱን ወርክሾፕ ከፈተ። ቶብልባኽ የሚባል ጅረት ጎማውን እየገፋ የመሳያና የመወልወያ ማሽኖቹን ያንቀሳቅስለት ነበር። የወጥ ቤት ቢላዋ፣ የጺም ምላጭና የቀዶ ሕክምና መሣሪያ ይሠራል፤ እናቱ ወይዘሮ ቪክቶሪያ ደግሞ ልጃቸው የሠራውን በሱቃቸው ይሸጡለት ነበር። ኋላ የእናቱ ስም ከሰንጢው ጋር የተሳሰረው ያለ ምክንያት አይደለም።

ሽቪትስ ለስዊዘርላንድ ስሟን የሰጠች ግዛት ናት። የዛሬዋን ሀብታም ስዊዘርላንድ የሚያውቅ አንባቢ ግን የዚያን ዘመኗን በቀላሉ ላያምን ይችላል። ተራራው ብዙ፣ እርሻው ጥቂት፣ ፋብሪካው ከዚያም ያነሰ ነበር። የአካባቢው ወጣቶች ቀደም ባሉት መቶ ዓመታት ለባዕድ ነገሥታት በቅጥር ወታደርነት ሲዋጉ ኖረዋል፤ በ19ኛው መቶ ዓመት ደግሞ ባሕር ማዶ ይሰደዱ ጀመር። ስዊዞች በዚያ ዘመን ለእንጀራም ለዕድልም አገራቸውን ይለቅቁ ነበር። ከኤልዝነር በስድስት ዓመት የሚበልጡት መሐንዲሱ አልፍሬድ ኢልግ በ1879 ሸዋ ደርሰው የምኒልክ ባለሟል የሆኑትም በዚሁ ዘመን ነው። ኤልዝነር የዞረበትን ሁሉ ዞሮ ተመልሷል፤ የጎረቤቶቹ ልጆች ግን እየሄዱ ይቀሩ ነበር። የሽቪትስ ወጣት ሻንጣውን ሳያነሣ የሚሠራበት ቦታ መፍጠር የዕድሜ ልክ ሐሳቡ ሆነ።

ዕድሉ የመጣው ካልታሰበ አቅጣጫ፣ ከጦሩ ነው። የስዊዝ ሠራዊት በ1889 አዲስ ጠመንጃ ተቀበለ። ጠመንጃውን ፈታቶ ለመወልወል ካቻቢቴ ያስፈልጋል። ወታደሩ ቆርቆሮ የታሸገ ምግብ መመገብም ጀምሮ ነበርና ቆርቆሮውን የሚከፍትበት ይሻል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ወታደር ምላጭ፣ ወስፌ፣ የቆርቆሮ መክፈቻና ካቻቢቴ በአንድ እጀታ የያዘ ሰንጢ እንዲታደል ተወሰነ። የ1890 ሞዴል የተባለው ይህ ሰንጢ ርዝመቱ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 144 ግራም ሲሆን፣ እጀታው ከጠቆረ የኦክ እንጨት የተሠራ ነበር። ውበት የለውም፤ ወፍራም ነው፣ ኪስ ይጎትታል። ግን ይሠራል።

ችግሩ ሠሪው ላይ ነበር። ያን ያህል ብዛት በአንድ ጊዜ ማምረት የሚችል የስዊዝ ወርክሾፕ ስላልነበረ፣ የመጀመሪያው የ15,000 ሰንጢ ትእዛዝ ዞሊንገን ለሚገኝ የጀርመን ድርጅት ተሰጠ። የስዊዝ ወታደር በስዊዝ ተራራ ላይ የጀርመን ሰንጢ ሊይዝ ሆነ። ለሌላው ሰው ይህ ተራ የግዥ ጉዳይ ነው፤ ለቢላዋ ሠሪዎቹ ግን ውርደትም የቀረ እንጀራም ነበር።

ኤልዝነር ብቻውን እንደማይችለው ተረድቷል። እናም የሙያ ወንድሞቹን ጠራ። በ1891 የስዊዝ ቢላዋ ሠሪ ጌቶች ማኅበር ተመሠረተ፤ ከሃያ በላይ የሚሆኑ ባለ ወርክሾፖች ተሰባሰቡ። ሐሳቡ ቀላልና ያማረ ነበር፦ አንድ ወርክሾፕ የማይችለውን ብዛት ተከፋፍለው ሊሠሩት፣ ለጦሩም በአንድነት ሊያስረክቡት ተስማሙ። በየከተማው ተበታትነው አንዱ የሌላውን ደንበኛ ሲቀማ የኖሩ ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ስለ አንድ ሰንጢ መምከራቸው ራሱ ቀላል ነገር አልነበረም። በዚያው ዓመት መጨረሻ ኤልዝነር ሰንጢውን በአገሩ መሥራት ጀመረ።

ብቻውን

ዞሊንገንን መወዳደር ግን የዋዛ አልነበረም። በዚያች ከተማ ሥራው ተከፋፍሎ ነበር፤ አንዱ ሙሉ ቀን ይቀጠቅጣል፣ አንዱ ያጠነክራል፣ አንዱ ይስላል፣ አንዱ ይገጣጥማል። እያንዳንዱ እጅ አንድ እንቅስቃሴ ብቻ ስለሚደጋግም ፍጥነቱ ሌላ ነው። የስዊዙ ጌታ ደግሞ ከእሳቱ እስከ መወልወያው ድረስ ሁሉንም በራሱ እጅና በጥቂት ረዳቶች ይወጣዋል። ሰንጢው አንድ ዓይነት ነው፤ ዋጋው ግን አንድ ሊሆን አልቻለም። የጀርመኑ ረከሰ፤ የስዊዙ ሠሪ በዚያው ዋጋ ሲሸጥ ከኪሱ እየጨመረ ሆነ።

ዓመት ያህል እንደቆየ ማኅበርተኞቹ አንድ በአንድ ከሥራው ወጡ። ስለዚህ ነገር ሲነገር ኤልዝነርን ጀግና፣ ሌሎቹን ደግሞ ወላዋይ የሚያደርጉ ተራኪዎች አሉ። ፍርዱ ትክክል አይመስለኝም። እያንዳንዳቸው ልጅ የሚያበሉ፣ ለረዳት የሚከፍሉ፣ የራሳቸው ደንበኛ የሚጠብቃቸው ሰዎች ነበሩ፤ በኪሳራ የሚሠራ ሰንጢ ጥለው በትርፍ ወደሚሸጥ የወጥ ቤት ቢላዋ ቢመለሱ ክህደት አይባልም። የሚያስገርመው የእነሱ መሄድ ሳይሆን የእሱ መቆየት ነው። ኤልዝነር ያለውን ሀብት በሙሉ አፈሰሰበት፤ አለቀ። ዕዳ ተደራረበ። ከለየለት ኪሳራ ያወጣው ዘመዶቹ ደርሰው መደገፋቸው ነው። እነሱ እጃቸውን ባይዘረጉ ኖሮ ዛሬ ስሙን የምናነሣበት ምክንያት ባልኖረ።

በነዚያ የጨነቁ ዓመታት ኤልዝነር የያዘው ሥራ ዕዳ መክፈል ብቻ አልነበረም። ያ ከባድ የወታደር ሰንጢ ዐይኑ ላይ ነበር። ቀለል ያለ፣ የተዋበ፣ ብዙ የሚያገለግል ሰንጢ ሊሠራ ፈለገ፤ ለመኮንኖች የሚሆን።

እዚህ ላይ ስለ ሰንጢ አሠራር ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ሰንጢን ሰንጢ የሚያደርገው ምላጩ ብቻ ሳይሆን ከጀርባው ያለው ሞላ ነው። ምላጩ ሲከፈት ቀጥ ብሎ እንዲቆም፣ ሲዘጋም ኪስ ውስጥ በራሱ እንዳይገለጥ ገፍቶ የሚይዘው እሱ ነው። በእጀታው በሁለቱም ወገን፣ በሆዱም በጀርባውም፣ መሣሪያ ልጨምር የሚል ሠሪ ሞላ በሞላ ላይ መደራረብ ይገደዳል፤ እጀታውም ጡብ ያክላል። ኤልዝነር ያገኘው መላ አንዱ ሞላ በሁለቱም ወገን ያሉትን መሣሪያዎች እንዲገፋ ማድረግ ነው። በሁለት ሞላ ብቻ ስድስት መሣሪያ ያዘ። ከወታደሩ ሰንጢ አራት መሣሪያዎች በተጨማሪ አንድ ትንሽ ምላጭና አንድ ጠመዝማዛ የቡሽ መንቀያ ገባበት፤ ይህም ሆኖ ሰንጢው ቀለለ እንጂ አልከበደም።

ትንሿ ምላጭ ለምን እንደተጨመረች ዛሬ ብዙ ሰው አያውቅም። ወረቀት ላይ የፈሰሰ ቀለም ወይም የተሳሳተ ፊደል መፋቂያ ነበረች። የብራና ጸሐፍቶቻችን ይህን አሳምረው ያውቁታል፤ ስሕተት በምላጭ ጫፍ በስሱ ይፋቃል እንጂ አይሰረዝም። የቡሽ መንቀያው ዓላማ ግን ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ መኮንኑ ወይን ይጠጣል።

የመኮንንና የስፖርት ሰንጢ የተባለው ይህ ፈጠራ ጁን 12 ቀን 1897 በሕግ ተመዘገበ። ጦሩ በይፋ ዕቃ ግምጃ ቤቱ አላስገባውም። መኮንኖቹ ግን በገዛ ገንዘባቸው ከሱቅ እየገዙ ያዙት፤ ከእነሱም ወደ ሲቪሉ፣ ከስዊዝም ወደ ውጭ ተሻገረ። ኤልዝነር ለተማሪ፣ ለካዴት፣ ለገበሬም እየለየ ሌሎች ሰንጢዎችን ሠራ፤ ለየአንዳንዱ ስም አወጣለት። ዕዳው ተከፈለ። በኢባኽ የሠራተኛው ቁጥር እየጨመረ ሄደ።

ተፎካካሪውና ወዳጁ

ኤልዝነር የጦሩን ሰንጢ ለብቻው ይዞ አልቆየም። ከ1893 ጀምሮ ፈረንሳይኛ በሚነገርበት የዩራ አካባቢ፣ በደሌሞን የተቋቋመ ሌላ ድርጅት ለጦሩ ያቀርብ ጀመር። ይህ ድርጅት ኋላ በሥራ አስኪያጁ በቴዎዶር ቬንገር እጅ ገባና በስማቸው ተጠራ። አንዱ ጀርመንኛ ተናጋሪ፣ ሌላው ፈረንሳይኛ ተናጋሪ፤ በየቋንቋው ወገንተኝነት ያለባት አገር ውስጥ የአንድ ሰንጢ ጉዳይ የክልል ጠብ ሊሆን ምንም አልቀረውም ነበር። በ1908 መንግሥት መላ አበጀ፤ ትእዛዙን እኩል ለሁለት ከፈለው፣ ግማሹ ለሽቪትስ፣ ግማሹ ለዩራ።

ሁለቱ ቤቶች በዚህ ስምምነት ለአንድ ምዕተ ዓመት ያህል ጎን ለጎን ኖሩ። በማስታወቂያቸው እንኳ ቃል ተካፍለዋል፤ የኤልዝነር ቤት ሰንጢውን የመጀመሪያው፣ የቬንገር ቤት ደግሞ እውነተኛው እያለ ይሸጥ ነበር፤ አንዱ በሌላው ቃል አይገባም። ዘመናቸውን በፍርድ ቤት የጨረሱ ስንት ተፎካካሪዎች ባሉበት ዓለም ይህ ጨዋነት የሚመሰገን ነው። በ2005 የቬንገር ድርጅት ችግር ላይ ሲወድቅ የገዛውም የኤልዝነር ቤት ነበር፤ የቬንገር ስም ያለበት ሰንጢም እስከ 2013 ድረስ መመረቱን ቀጠለ።

በ1909 ወይዘሮ ቪክቶሪያ አረፉ። ልጃቸው ከዚያ ጀምሮ በሰንጢዎቹ ላይ ቪክቶሪያ የሚለውን ስም ማተም ጀመረ፤ ዛሬ ሁሉ የሚያውቀው በጋሻ ውስጥ ያለ መስቀልም ንግድ ምልክት ሆኖ የገባው በዚያው ዓመት ነው። የመጀመሪያ ቢላዋዎቹን በሱቃቸው የሸጡለት እናት ስማቸው ከባርኔጣ ይልቅ በብረት ላይ ቀረ።

ካርል ኤልዝነር ዲሴምበር 26 ቀን 1918፣ በገና ማግስት፣ በ58 ዓመቱ ኢባኽ ውስጥ ሞተ። ቤቱን ስሙን የወረሰው ልጁ ተረከበ። በ1921 የማይዝግ ብረት በሰንጢው ላይ ሲውል ኢኖክስ የሚለው የፈረንሳይኛ ምሕጻረ ቃል ከእናቲቱ ስም ጋር ተጋጠመና ቪክቶሪኖክስ ተባለ። ድርጅቱ ዛሬም በኢባኽ ነው፤ የሚመራውም በመሥራቹ ዘሮች ነው። ከሴፕቴምበር 2001ዱ ጥቃት በኋላ ሰንጢ በአውሮፕላን መያዝ ሲከለከል ገበያው ክፉኛ ወርዶ ነበር። በዚያን ጊዜ ድርጅቱ ሠራተኛ ከመቀነስ ይልቅ ሰዎቹን ለጊዜው ለሌሎች ድርጅቶች እያዋሰ አሳለፈው።

ሰንጢው ከምድርም ርቋል። የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ለጠፈርተኞቹ ያድለው ነበር፤ በ1995 ካናዳዊው ክሪስ ሃድፊልድ ሚር ወደተባለው የሩሲያ ጣቢያ ለመግባት በጥብቅ የታሰረውን በር ያስከፈተው በኪሱ በነበረው ሰንጢ ነው። በኒው ዮርክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየምም ከተመረጡ የንድፍ ሥራዎች ጋር ተቀምጧል።

የሰንጢ ሰብሳቢዎች ግን ከሙዚየም መስታወት ይልቅ ጠረጴዛ ይመርጣሉ፤ የሚነካ፣ የሚከፈት፣ የሚሸተት ነገር ነውና። በየአገሩ ይገናኛሉ። ሐኪሙ፣ መካኒኩ፣ ጡረተኛው አስተማሪ አንድ ላይ ይቀመጣሉ፤ ሥራ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። አሮጌ ሰንጢ ሲወጣ ማንም ቀድሞ እጀታውን አያይም። ምላጩን ገልጠው ከሥሩ ያለችውን ትንሽ ጽሑፍ በማጉያ መነጽር ያነባሉ። ቪክቶሪኖክስ የሚል ከሆነ ከ1921 ወዲህ ነው። ቪክቶሪያ ብቻ ካለ እናቲቱ ከሞቱ በኋላ፣ ልጁ ገና በሕይወት ሳለ የተሠራ ሊሆን ይችላል። አልፎ አልፎ ኤልዝነር ሽቪትስ የሚል ይገኛል፤ ያን ጊዜ ጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ወሬ ይቆማል። ሰንጢው ከዕዳው ዘመን የተረፈ ሊሆን ይችላልና።

በአውሮፓ ስለት ስጦታ ወዳጅነትን ይቆርጣል የሚል የቆየ እምነት አለ። ስለዚህ ሰብሳቢዎች ሰንጢ ሲሰጣጡ ተቀባዩ አንዲት ሳንቲም ለሰጪው ይከፍላል፤ ነገሩ ስጦታ መሆኑ ቀርቶ ሽያጭ ይሆናል፣ ወዳጅነቱም ይተርፋል። ሳንቲሟ ወደ ኪስ ትገባለች፤ ሰንጢውም ተዘግቶ፣ እጀታው ወደ ተቀባዩ ዞሮ፣ ከእጅ ወደ እጅ ይሻገራል።